ልብስን መቅደድ ወይስ መጽሐፍን መቅደድ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዩኒቨርሲቲ የምንማር የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ዘወትር ከሚገጥሙን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «መጽሐፍ ቅዱስ ከብዙ ዘመናት በፊት የተጻፈ፣ በእጅ እየተገለበጠ የመጣ መጽሐፍ ነው። በመካከሉ አልተለወጠም ብላችሁ እንዴት ታምናላችሁ?» ጥያቄው በመኝታ ክፍል፣ በመመገቢያ አዳራሽ፣ አልፎ አልፎም በመማሪያ ክፍል ይነሣል። ከመካከላችን አንዳንዱ ይቈጣል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ለማንም ሳይናገር በልቡ ይናወጣል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ሳንሸሽ ልናየው ወደናል። ይሁን እንጂ ስናጠናው ወደ ሌላ ጥያቄ አደረሰን። እርሱም፦ የማይለወጠውን ቃል በሰማን ጊዜ እኛ ምን እናደርጋለን? የሚል ነው።

ሀ/ አባትና ልጅ

በይሁዳ ንጉሥ በኢዮስያስ 18ኛ ዓመት፣ ይኸውም ከጌታችን ልደት በፊት በ622 ዓመት ገደማ፣ የእግዚአብሔር ቤት ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። ጸሐፊው ሳፋንም በንጉሡ ፊት አነበበው። ኢዮስያስ የተጻፈውን በሰማ ጊዜ አባቶቹ ከሕጉ እንደራቁ ተረድቶ ልብሱን ቀደደ (2ኛ ነገ. 22፥8-13)። ከዚያም ሕዝቡን ሰብስቦ ቃል ኪዳኑን አደሰ።

ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም በዚያው ዙፋን ተቀመጠ። ነቢዩ ኤርምያስ ከእግዚአብሔር የሰማውን ሁሉ በቃሉ ሲናገር ባሮክ በቀለም በክርታስ ላይ ጻፈው። በጾም ቀንም በቤተ መቅደስ ለሕዝቡ ተነበበ። አለቆቹ ሰምተው ፈሩ፤ ባሮክንም ከኤርምያስ ጋር እንዲሸሸግ መከሩት። ክርታሱ ወደ ንጉሡ በደረሰ ጊዜ ዘጠነኛው ወር ነበረና ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጦ በፊቱ እሳት ይነድ ነበር። ይሁዲ የሚባለው ሰው ሦስት ወይም አራት ዓምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ በጸሐፊው የብርዕ መቍረጫ እየቀደደ ወደ እሳቱ ይጥለው ነበር። ክርታሱ ተነብቦ እስኪያልቅ፣ ነድዶም እስኪጠፋ እንዲሁ አደረገ (ኤር. 36፥22-23)።

እዚህ ላይ መጽሐፉ አንድ ነገር ጨምሮ ይነግረናል። ንጉሡና አገልጋዮቹ ይህን ሁሉ ሰምተው አልፈሩም፤ ልብሳቸውንም አልቀደዱም። አባት ልብሱን ቀደደ፤ ልጅ መጽሐፉን ቀደደ። ሁለቱም የሰሙት የአንዱን አምላክ ቃል ነው። ክርታሱን እንዳያቃጥል ከለመኑት ሦስት ሰዎች አንዱም የሳፋን ልጅ ገማርያ ነበረ። አንደኛው ልጅ የአባቱን ፍርሃተ እግዚአብሔር ወረሰ፤ ሁለተኛው ዙፋኑን ብቻ ወረሰ። በሰንበት ትምህርት ቤት ማደግ፣ ከደገኛ ቤተሰብ መወለድ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ታሪኩ ግን በእሳቱ አላበቃም። እግዚአብሔር ኤርምያስን ሌላ ክርታስ እንዲወስድ አዘዘው። ባሮክም በእሳት የተቃጠለውን ቃል ሁሉ እንደገና ጻፈ፤ እንደ እርሱም ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት (ኤር. 36፥32)። ንጉሡ ሊያሳጥረው የፈለገው መጽሐፍ ረዘመ። የንጉሡን ሥራ ዛሬ የምናውቀውም ሊያጠፋው የሞከረው መጽሐፍ ስለ ጻፈው ነው።

በሀገራችንም ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን ወላጆቻችን በየውይይት ክበቡ ሃይማኖት የአሮጌ ሥርዓት ቅሪት እንደሆነ ይነገራቸው ነበር። ያ ሥርዓት አለፈ። እነርሱ ያን ጊዜ ያነቡት የነበረውን መጽሐፍ ዛሬ እኛ በየሳምንቱ እናጠናለን።

ለ/ የገልባጮች እጅ

«መጽሐፉ ባይቃጠልም ሲገለበጥ ተለውጦ ሊሆን ይችላል» ለሚሉን ምን እንመልሳለን? እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ቍጣ ሳይሆን እውቀት ነው።

በ1939 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1947) በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በሚባለው ስፍራ፣ እረኞች በዋሻ ውስጥ በሸክላ ማሰሮ የተቀመጡ ጥንታውያን ጥቅልሎችን አገኙ። ከእነዚህ አንዱ የነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ሲሆን 66ቱን ምዕራፎች ይዟል። ርዝመቱ 7 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 17 ቍራጭ ብራና እርስ በርሱ ተሰፍቶ የተሠራና በ54 ዓምድ የተጻፈ ነው። የተጻፈውም ከጌታችን ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያ በፊት ይታወቅ የነበረው ጥንታዊ ሙሉ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1008 አካባቢ የተጻፈው ነበር። በሁለቱ መካከል ከ1000 ዓመት በላይ አለ። ሁለቱ ጐን ለጐን ሲነበቡ የሚናገሩት አንዱን ኢሳይያስን ነው።

«አንዲት ፊደል እንኳ አልተለየችም» ብንል ግን እውነት አይሆንም። በሆሄ አጻጻፍ ብዙ ልዩነት አለ፤ በአንዳንድ ስፍራም ቃል ወይም ሐረግ ይለያያል። ከሁሉ የሚያስደንቀው በ40ኛው ምዕራፍ ያለው ነው። በቁጥር 7ና 8 ነቢዩ ሰውን በሣርና በአበባ መስሎ፣ ሣሩ ሲደርቅ አበባውም ሲረግፍ የአምላካችን ቃል ግን ለዘላለም ጸንቶ እንደሚኖር ይናገራል። ስለ ሣሩ መድረቅ የሚናገረው ቃል በዚያ ስፍራ ሁለት ጊዜ ይገኛል። የጥቅልሉ የመጀመሪያ ጸሐፊ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያደርሰውን ክፍል አልጻፈውም፤ ብዙዎች ዓይኑ ዘልሎበት ነው ይላሉ። በኋላ ሌላ እጅ መጥቶ የቀረውን በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ላይ ወደ ታች አድርጎ ጽፎታል። ዛሬም ድረስ በግልጥ ይታያል።

ይህ እምነታችንን ያናውጠዋልን? እኛን አጽናንቶናል። ቃሉ ጸንቶ ይኖራል የሚለው ስፍራ ራሱ የሚደክመውን የሰው እጅና የሚያርመውን እጅ አብሮ ያሳየናል። የእኛ አባቶችም መጻሕፍትን ያደረሱልን በዚሁ መንገድ ነው። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት ብራናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ ስንት ቁም ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ሲጽፍ ኖሯል! በየገዳማቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው በኅዳግ ወይም በመስመር መካከል በምልክት የገባ ቃል አይቶ ይሆናል። ይህም ጸሐፊው የዘለለውን እርሱ ራሱ ወይም ሌላው መልሶ ያስገባው ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስሕተትን አልደበቁም፤ አረሙት እንጂ። እግዚአብሔር ቃሉን የጠበቀው በመላእክት እጅ ሳይሆን እርስ በርሳቸው በሚተራረሙ ሰዎች እጅ ነው።

ሐ/ እኛ የዘለልነው ቁጥር

ወንድሞችና እኅቶች፤ የጥንቱ ጸሐፊ የዘለለው በዓይኑ ነው። እኛ ግን በልባችን እንዘልላለን። ይህን ለማስረዳት በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት የማቴዎስን ወንጌል በተራ እያጠናን ሳለ ወደ 5ኛው ምዕራፍ ደረስን። በዚያን ጊዜ በአገልግሎት ክፍላችን ሁለት ወንድሞች በመዝሙር ልምምድ ጉዳይ ተጣልተው ለአራት ወር ያህል ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። ሁለቱም በጥናቱ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። መምራቱ የዚያን ቀን የወደቀው በእኛ በተማሪዎቹ ላይ ነበረ። ቁጥር 23ና 24 መባውን ወደ መሠዊያ ያመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስታውስ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ የሚያዝ ነው። ነገሩ እንዳይካረር ብለን፣ እንዲያውም ለሰላም ያደረግነው መስሎን፣ ከቁጥር 22 ወደ ቁጥር 27 አለፍን።

ከኋላ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ከታዳጊዎች ክፍል የመጣ ልጅ ነበረ። እጁን አውጥቶ፦

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስተኛው ቁጥር ተዘለለ» አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ልጁ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የተጻፈውን ብቻ ነበር የሚያየው። ተመልሰን አነበብነው። ማብራሪያ መስጠት አልቻልንም፤ አላስፈለገም። ሁለቱ ወንድሞች የዚያን ዕለት አልታረቁም፤ አንዱ እንዲያውም ጸሎት ሳይደረግ ወጣ። የሠራነው ጥፋት መሰለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ የወጣው ወንድም የሌላውን ቤት በማታ አንኳኳ። ሌላውም በሩን ከፍቶ «ግባ» አለው። ከዚያ በላይ የተባባሉትን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ያን ቀን የተረዳነው ይህን ነው። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አለመለወጥ ከመናፍቅም ከከሃዲም ጋር ስንከራከር እናመሻለን። ነገር ግን በእኛ ላይ የመጣውን ቁጥር ዘልለን ብናልፍ በእጃችን የያዝነው የኢዮአቄምን ብርዕ መቍረጫ ነው። እርሱ ሦስት አራት ዓምድ ቀደደ፤ እኛ አራት ቁጥር ቀደድን። እርሱ በእሳት አቃጠለ፤ እኛ በዝምታ። የዘለልነውን መልሶ በኅዳጉ ላይ የጻፈልን ግን አንድ ሕፃን ነበረ።

መ/ መታመን በሥራ ሲታይ

በዚያው በኤርምያስ መጽሐፍ የሀገራችን ስም የተጠራበት ታሪክ አለ። በሴዴቅያስ ዘመነ መንግሥት አለቆቹ ነቢዩን ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። በቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ወደ ንጉሡ ገብቶ ስለ ነቢዩ ተናገረ። ከዚያም ሰዎች ይዞ፣ ከግምጃ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወስዶ፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይጐዳው ጨርቁን ከሥር እንዲያደርግ ነግሮ አወጣው (ኤር. 38፥7-13)። ኋላ ከተማይቱ ስትወድቅ እግዚአብሔር ነፍሱን እንደሚያድናት ቃል የገባለት በእርሱ ስለ ታመነ ነው (ኤር. 39፥15-18)።

ወገኖቼ፣ አቤሜሌክ ስለ ነቢዩ እውነተኛነት ሲከራከር አናነብም። ቃሉን አመነ፤ ጨርቅና ገመድ ፈለገ። በቃሉ መታመን ማለት ይህ ነው።

ሠ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ በተራ እናንብብ። ደስ የሚለንን ቁጥር ብቻ እየመረጥን በስልካችን ብንለጥፍ ሳናውቀው መጽሐፉን መቍረጥ እንለምዳለን። ቢያንስ አንዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናድርስ።

2ኛ/ ያልገባንን እንጠይቅ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን በሠረገላው ሲያነብ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለፊልጶስ አልደበቀም (ሐዋ. 8፥30-35)። እኛም መምህራን፣ የአባቶች ትርጓሜ፣ አንድምታው አለን። ቃሉ የማይለወጥ ስለሆነ እንደየስሜታችን አንተረጕመውም።

3ኛ/ ለጠያቂ በእውነት እንመልስ። የማናውቀውን አናውቅም ማለት ነውር አይደለም። እውነት በሐሰት ድጋፍ አይቆምም።

4ኛ/ የዘለልነውን እንመለስበት። እያንዳንዳችን ዐውቀን ያለፍነው ቁጥር አለን። ስለ ገንዘብ ይሆናል፤ ስለ ፈተና ኩረጃ ይሆናል፤ ስለ ወላጅ ማክበር ወይም ስለ ንጽሕና ይሆናል። ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ በዚያም ቁጥር እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኢዮስያስና ኢዮአቄም ቃሉን በሰሙ ጊዜ ያደረጉትን አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል?

2. በገልባጮች እጅ የተፈጠረ ስሕተት በቃሉ እውነተኛነት ላይ ያለንን እምነት ለምን አያፈርሰውም?

3. በጥናታችሁ የተዘለለ ቁጥር አለን? ማን ያስታውሳችሁ?

የነቢያትና የሐዋርያት አምላክ ቃሉን ሰምተን ልባችንን እንጂ መጽሐፉን እንዳንቀድ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።