ቴርሞስታቱን አታስጥዪው

እህቴ፣ ሸኮ ዳገት ላይ የሙቀት ቆጣሪው ከመሃል አልፎ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ልብሽ እንዴት እንደሚመታ አውቀዋለሁ። ከኋላ የተጫነው እሸት ቡና ነው። እሸት ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃውም ይወርዳል። በዚህ ጭንቀት ላይ ሆነሽ ጋራዥ ስትገቢ ብዙ ጊዜ የምትሰሚው ምክር አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ ትገላገያለሽ።» እዚህ ሚዛን ተፈሪም፣ ቴፒም፣ አዲስ አበባም ይሄ የተለመደ ነው። አንቺ ግን እሺ አትበዪ። ነይ፣ ኮፈኑን እንክፈተውና ምክንያቱን እያየሽ ልንገርሽ።

ቴርሞስታት በመዳፍሽ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቫልቭ ናት። መሃሏ ላይ ያለችው የነሐስ ኩባያ በሰም የተሞላች ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰሙ ጠጣር ነው፤ ሞላው ቫልቩን ይዘጋዋል፣ ውሃውም ወደ ራዲያተር ሳይሄድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ሙቀቱ የተጻፈባት ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ በብዙ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ ነው፣ ሰሙ ይቀልጥና ያብጣል፤ ዘንጉን ይገፋል፣ ቫልቩም ይከፈታል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ኮምፒውተርም አያዘውም። ሰርጂየስ ቬርኔ በ1930ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የፈለሰፈው የሰም ዘዴ ነው፤ ዛሬም በአብዛኛው መኪና ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን አውጥቶ መጣሉ ለምን እንደማይበጅሽ ልንገርሽ። ውሃው ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበት አቋራጭ መንገድ አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቷ ከታች ሁለተኛ ክዳን አላት፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደው ሲከፈት ያ ክዳን አቋራጩን ይዘጋዋል። ቴርሞስታቷ ከሌለች አቋራጩን የሚዘጋው የለም። የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሜዳ ላይ ባዶ ስትሄጂ ላይታወቅሽ ይችላል። ጭነሽ ከቴፒ በጌጫ አድርገሽ ወደ ማሻ ስትወጪ ግን፣ ከ1,100 ሜትር ገደማ ወደ 2,200 ሜትር ነው የምትወጪው፤ እዚያ ላይ መኪናዋ «ቴርሞስታት የላትም እኮ፣ ለምን ፈላች?» ታሰኝሻለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ራዲያተር ይገዛል፣ ፓምፕ ይለውጣል፤ የጎደለችው ግን ያቺ ትንሽ ዕቃ ናት።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ማሻ ጠዋት ጭጋግ ነው፣ ብርድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እዚያ ለረጅም ሰዓት ሳይሞቅ ይሄዳል። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይበላል፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ኢንጄክተር ከሆነ ገና አልሞቅኩም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ሲቃጠል የሚፈጠረው እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል፣ ፋሻና ሲሊንደር ያለጊዜያቸው ያልቃሉ። «ቀዝቀዝ ብላ ብትሄድ ምን አለበት?» የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ ሞተር የተሠራው በሙቀቱ ልክ እንዲሄድ ነው።

እንግዲህ በሽታውን እንለይ። መኪናዋ እንደፈላች ሁሉ ቴርሞስታቷን አትውቀሺ፤ ከእሷ በፊት የሚጠረጠሩ አሉ። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና ውሃው እስከ አፉ መሆኑን እዪ። ቺንጊያው ላልቶ እንደሆነ በጣትሽ ተጫኚው። በእኛ አገር ዝናብና ጭቃ የራዲያተሩ ፊት በደረቀ ጭቃ፣ በቅጠልና በቡና ገለፈት ይደፈናል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ አሳጥቢው፣ ግፊቱ ግን የራዲያተሩን ክንፎች እንዳያጣምም ይጠንቀቁልሽ።

የራዲያተሩን ክዳን ግን ለብቻው ላንሳው፤ ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለሽ፤ የሚችለው ግፊት ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ባልሽ ቁጥር ይወርዳል፦ ቴፒ ላይ 96 ዲግሪ ገደማ፣ ሚዛን ላይ 95 ገደማ፣ ማሻ ላይ ወደ 92 እና 93 ይጠጋል። ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ማሻ ላይም ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ሞላ ከደከመ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ሞተሩ ገና በደህና ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይንተከተክና ይወጣል። ቴርሞስታቷ ደህና ሆና፣ ራዲያተሩ ደህና ሆኖ፣ ባረጀ ክዳን ምክንያት መንገድ ላይ የሚቆም መኪና ብዙ ነው። መጀመሪያ ክዳን ለውጪ፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ አሁን ወደ ቴርሞስታቷ እንምጣ። በሁለት ዓይነት መንገድ ትበላሻለች። ተዘግታ ከቀረች ሞተሩ ከተነሳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙቀቱ ያለማቋረጥ ይወጣል። ተከፍታ ከቀረች ተቃራኒው ነው፦ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ቁልቁለት ላይ ወይም አስፋልት ላይ ፈጠን ስትዪ ቆጣሪው ይወርዳል፣ ዳገት ላይ ይመለሳል፣ ነዳጁም ይጨምራል። አንድ ነገር ግን እንዳያታልልሽ፦ ሲግል የነበረ ሞተር ቆጣሪው ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወደቀ ዳነ ማለት አይደለም። ውሃው አልቆ ሙቀት የሚለካው ዕቃ ባዶ አየር ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወዲያው ቁሚ።

በእጅሽ ለማረጋገጥ በቀዝቃዛ ሞተር ጀምሪ። አስነሺና የላይኛውንና የታችኛውን የራዲያተር ጎማ እየቆየሽ ዳስሺ፤ ቀሚስሽንና ነጠላሽን ሰብስቢ፣ ቬንትሌተሩ አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር አይኑርሽ። ደህና ቴርሞስታት ስትሆን ሁለቱም ጎማዎች ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ይሆናሉ፤ ቆጣሪው መሃል አካባቢ ሲደርስ የላይኛው ድንገት ይሞቃል፣ ትንሽ ቆይቶ የታችኛውም ይከተላል። ገና ከመነሻው ሁለቱም አብረው ለብ እያሉ ከሄዱ ተከፍታ ቀርታለች፣ ወይም ካንቺ በፊት የነበረው ባለቤት አስጥሏታል። ቆጣሪው ወጥቶ አንደኛው ጎማ ቀዝቃዛ ከሆነ ተዘግታ ቀርታለች። በብዙ ኮሮላዎች ቴርሞስታቷ ያለችው በታችኛው ጎማ በኩል ስለሆነ የላይኛው ሞቆ የታችኛው ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ይሄንን ሳያውቁ የራዲያተር ድፍን ነው ይሉሻል። ባጃጅ ሲጠግን ያደገ ልጅ ይሄን ሁሉ ባያውቅ ደግሞ አትፍረጂበት፤ የባጃጅ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

ከወጣች በኋላም ሳትፈተሽ አትጣል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንፈትናት» በያቸው። ምግብ የማይበሰልበት አሮጌ ድስት ውሃ ሞልተሽ ምድጃ ላይ ጣጂ። የቫልቩን አፍ በስለታማ ነገር ፈልቀቅ አድርጊና ቀጭን ክር አስነክሺው፤ በዚያው ክር ድስቱ ውስጥ አንጠልጥዪው፣ ታቹን ግን አይንካ። ቴርሞሜትር አጠገቡ ይሁን። ውሃው ሲሞቅ ቫልቩ አፉን ይከፍትና ክሩን ይለቀዋል፣ ዕቃዋ ጠብ ትላለች። ጠብ ያለችበት ሙቀት ላይዋ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ደህና ናት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሳ ሙሉ በሙሉ መዘጋቷን እዪ።

እዚህ ላይ ጥሩ ዕቃ የሚያስወረውር ስህተት አለ። 82 የተጻፈባት ቴርሞስታት መከፈት የምትጀምረው 82 ላይ ነው፤ ሙሉ የምትከፈተው 95 አካባቢ ነው። 88 የተጻፈባት ሙሉ ለመከፈት ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። ማሻ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከ93 ስለማያልፍ ጤነኛዋም ቴርሞስታት ሙሉ ሳትከፈት ትቀራለች፤ ሚዛን ላይም ባለ 88ቷ እንደዚያው ናት። «አልተከፈተችም» ተብላ ትጣላለች። የሚታየው መከፈት መጀመሯና በደንብ መዘጋቷ ነው።

አዲስ ስትገዢ ከመጽሐፉ ወይም ከድሮዋ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ግዢ። ዝቅ ያለ ቁጥር ብገዛ ትቀዘቅዝልኛለች ብለሽ አትሞኚ፤ ቁጥሩ የምትከፈትበትን ይወስናል እንጂ ደካማ ራዲያተርን አያበረታም። ጎማዋን ወይም ጓርኒሲዮኗን አብረሽ ግዢ። ሲገጠም ቆመሽ እዪ፦ ሰም የያዘው ኩባያና ሞላው ወደ ሞተሩ በኩል ይሆናሉ። ተገልብጣ ከተገጠመች ሞተሩን ትገድላለች። ጠርዟ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ የአየር ማስወጫ ካለች ወደ ላይ ትሁን። የድሮው ጓርኒሲዮን ትራፊ በደንብ ይፋቅ፤ ጎማ ያላት ከሆነች ሲሊኮን አይቀባባት። ብሎኖቹ በእኩል ይጥበቁ፣ ግን በጉልበት አይደለም፤ የአሉሚኒየም ጥርስ ቶሎ ይበላል።

ከዚያ ውሃው። የወንዝ ውሃ ጭቃና ዝገት ያመጣብሻል፤ ኩላንት በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ሙዪ። የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት ሜዳ ላይ አትድፊ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፣ መርዝ ነው። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገሽ አቁሚያት፤ ሚዛን ላይ ዳገት አይጠፋም። ሂተሩን ከፍተሽ፣ ቀስ እያልሽ እየሞላሽ፣ ላይኛውን ጎማ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግሽ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቂ። ሞተሩ ውስጥ አየር ከቀረ አዲሷም ቴርሞስታት የተበላሸች ትመስላለች። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው እንደገና ከፍተሽ ልኩን እዪ።

መንገድ ላይ ሙቀት ከጨመረብሽ ኤሲውን አጥፊ፣ መስኮት ከፍተሽ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቺ፤ እንደ በበቃ ባለ ቆላ ሙቀቱ ስቃይ ነው፣ ግን ሞተሩን ያተርፋል። ካልወረደ ጥግ ይዘሽ አጥፊ። ክዳኑን በሙቀት አትክፈቺ፣ እንፋሎቱ ፊትሽን ይልጥሻል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ሰው ካየሽ እጁን ያዢው፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ቴስታታ ከተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ የአንድ መኸር ትርፍ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

እሸት መልቀም ከመጀመሩ በፊት ክዳኑን፣ ቺንጊያውንና ቴርሞስታቷን አስፈትሺ። የወጣችውንም ዕቃ ሁሌ «ስጡኝ» በያቸው፤ ያንቺ ናት፣ በእጅሽ ይዘሽ እያት።