የተሰራጨ የጉሮሮና የአፍ ካንሰር፦ ከኬሞቴራፒ በፊት ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?



ውድ አንባብያን፣ አንድ የደብረ ኤልያስ አባት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተመርምረው የአንገታቸው እብጠት ከጉሮሮ የተነሣ ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው እንበል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላቸው፤ እዚያም ሳንባቸው ውስጥ መግባቱ ታወቀ። ልጆቻቸው ንብረት ሸጠው ሊያሳክሟቸው ተነሡ። መልካም ነው፤ አስቀድመው ግን የሚከተለውን ይወቁ።

የሕክምናው ዓላማ

ካንሰሩ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምናና በጨረር ሊድን ይችላል። ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት ከተሰራጨ በኋላ ግን ኬሞቴራፒ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ አይነቅለውም። እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ መዋጥን ያቀላል፣ ዕድሜንም በወራት ሊያራዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከፍሎሮዩራሲል ጋር ከተሰጣቸው ሕሙማን ግማሾቹ ከ7 ወር በላይ ኖረዋል፤ ሴቱክሲማብ ሲታከልበት ይህ ወደ 10 ወር ከፍ ብሏል። አኃዙ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንድን ሰው አጀል የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕመምተኛውን ሳትደብቁ አብራችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ዓላማው ማዳን ነው ወይስ ማስታገስ? ስንት ዙር ይሰጣል? ካልሠራ መቼ ይቆማል? ወጪው ስንት ነው? የሕመም ማስታገሻስ ይታዘዛል?

በቤት ውስጥ

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል። በመካከሉ የሰውነት መከላከያ ስለሚዳከም ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው። የጆሮ ጩኸት ወይም የሽንት ማነስ ካለም ለሐኪሙ ይነገር።

አፍ ሲቆስል በርበሬና ሚጥማጣ ይቅር። የአጃ አጥሚት፣ የምስር ሾርባ፣ የበሰለ እንቁላል፣ ሙዝና የፈላ ወተት ጥቂት በጥቂቱ ደጋግመው ይስጡ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይቅረብ። መዋጥ ካቃተው ሳይከሳ ለሐኪሙ ይንገሩ።

በረመዳን

ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ውኃ በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል። ቁርኣን (አል-በቀራህ 2፡184-185) ለሕመምተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል። «ጾሜን አልፈታም» ቢል በለዘብታ ያስረዱት፤ ስለ ቀዷና ፊድያ ዓሊሞችን ይጠይቁ።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሽፋውን ይላክልን!