የሥራ ጊዜ ሰሌዳ በኮምፒዩተር፤ ቀኑን የሚይዘው የትኛው ሥራ ነው?

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ልደታ ባለው አካባቢ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ፣ ሕንፃ የሚያሠራ ባለሀብትም ሆነ ገና ያላለቀ ቢሮ የሚያከራይ ደላላ ዘወትር የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። «መቼ ያልቃል?» የሚል ነው። የተለመደው መልስም «እግዚአብሔር ካለ በሁለት ወር» ነው። ሁለት ወሩ አራት ሲሆን ኪራይ ይቆጥራል፤ የባንክ ወለድ ይቆጥራል፤ ውል ይፈርሳል። ነገሩ ሲከርም ተዋዋዮቹ በልደታ ምድብ ችሎት ደጃፍ ይገናኛሉ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የስንፍና አይደለም። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅና ከሁሉም በላይ ቀኑን የያዘው የትኛው እንደሆነ በቅድሚያ ያለመታወቁ ነው። ይህን የሚያሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ለትልልቅ ተቋራጮች ብቻ የተሠሩ ቢመስሉም፣ አንድ ሱቅ ለሚከፍት ነጋዴም እኩል ያገለግላሉ።

ከየት መጣ?

ሥራን በአግድም መስመር እየሳሉ ከቀን ጋር ማሳየት ሄንሪ ጋንት በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም የሚጠራ ዘዴ ነው፤ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው። ይሁን እንጂ የጋንት ሠንጠረዥ በቀድሞ መልኩ አንዱ ሥራ ቢዘገይ ሌላውን ምን እንደሚያደርገው አያሳይም ነበር። ይህን ክፍተት የሞላው እ.ኤ.አ. በ1957 ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከሬሚንግተን ራንድ ጋር ሆኖ ያወጣው «የወሳኝ መስመር» ስሌት ነው። በዓመቱ በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ሥራው ፐርት የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ አስተዋወቀ።

እነዚህ ስሌቶች በመጀመሪያ የሚሠሩት ክፍል በሚሞሉ ግዙፍ ኮምፒዩተሮች ነበር። በ1983 የተመሠረተው ፕሪማቬራ እና በ1984 ለዶስ የወጣው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሥራውን ወደ ጠረጴዛ አወረዱት። ዛሬ ፕሪማቬራ የኦራክል ንብረት ሲሆን በግዙፍ ግንባታዎች ላይ ይዘወተራል። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ደግሞ ፕሮጀክት ሊብሬ የተባለው በነፃ የሚጫን ፕሮግራም አለ።

በአገር ቤት የታየ ምሳሌ

«ወሳኝ መስመር» ማለት ምን እንደሆነ ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በላይ የሚያስተምር የለም። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል የሚል ተስፋ ተይዞ ነበር። የሲቪል ግንባታው በሳሊኒ፣ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው በሜቴክ ተያዘ። ኮንክሪቱ ሲገፋ ሁለተኛው ክፍል ወደ ኋላ ቀረ፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ሥራውን ከሜቴክ እንደሚወስድ አስታወቀ። የመጀመሪያው ኃይል የመነጨው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ኃይል ለማመንጨት ኮንክሪቱም ተርባይኑም ያስፈልጋል፤ ቀኑን የሚወስነውም ከሁለቱ የዘገየው ነው። በፈጠነው ላይ የሚጨመር ጉልበት የምረቃውን ቀን አያቀርብም።

ልደታ ራሷም ምሳሌ አላት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ከ50 ቀን በኋላ ጥቅምት 29 ቀን አገልግሎት ጀመሩ። እንዲህ ያለ የጋራ ክፍል በጊዜ ሰሌዳ ላይ «የሁለት ሥራ ቀዳሚ» ይባላል። እሱ ቢዘገይ ሁለቱም ይዘገያሉ። በመሆኑም ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ሱቅ ለመክፈት

አሁን ነገሩ በነጋዴ ሚዛን ይታይ። አንድ ነጋዴ በልደታ አካባቢ የሕንፃ ምድር ቤት ተከራይቶ ከውጭ የሚያስመጣቸውን የቤት ዕቃዎች ሊሸጥ አሰበ እንበል። ሥራዎቹና የሚፈጁት የሥራ ቀን ለምሳሌ ያህል እንደሚከተለው ነው።

1. የኪራይ ውልና የሱቁ ዲዛይን፣ 6 ቀን።
2. የአስመጪነት ንግድ ፈቃድ፣ 10 ቀን (ከ1 በኋላ፤ አድራሻ ይጠይቃልና)።
3. ሴራሚክ፣ ጂፕሰምና ቀለም፣ 18 ቀን (ከ1 በኋላ)።
4. የመብራት ቆጣሪ ማስገባት፣ 30 ቀን (ከ1 በኋላ)።
5. መደርደሪያ ማሠራት፣ 20 ቀን (ከ1 በኋላ)።
6. መደርደሪያ መግጠም፣ 4 ቀን (ከ3 እና ከ5 በኋላ)።
7. ኤልሲ መክፈት፣ 15 ቀን (ከ2 በኋላ)።
8. ዕቃው በጅቡቲ በኩል ተጓጉዞና ጉምሩክ ተጠናቆ መግባት፣ 45 ቀን (ከ7 በኋላ)።
9. ዕቃ መደርደር፣ 5 ቀን (ከ4፣ ከ6 እና ከ8 በኋላ)።

የሁሉም ድምር 153 ቀን ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ሱቁ 153 ቀን አይፈጅም። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መንገድ ይደምራል። የመደርደሪያው መንገድ 6፣ 20፣ 4 እና 5 ሲደመር 35 ቀን ነው። የቆጣሪው መንገድ 6፣ 30 እና 5፣ ማለትም 41 ቀን ነው። የዕቃው መንገድ ደግሞ 6፣ 10፣ 15፣ 45 እና 5፣ በጠቅላላው 81 ቀን ይሆናል። ረጅሙ ይህ ስለሆነ ሱቁ ከ81 የሥራ ቀን በፊት አይከፈትም። ወሳኙ መስመር እሱ ነው፤ ፕሮግራሞቹም ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ያሳዩታል።

የቀሩት ሥራዎች «ትርፍ ቀን» አላቸው። ቆጣሪው በ36ኛው ቀን ያልቃል፤ የሚፈለገው ግን በ76ኛው ቀን ማብቂያ ስለሆነ 40 ቀን ቢዘገይ መክፈቻውን አይነካም። የሴራሚኩ ሥራ ደግሞ 48 ትርፍ ቀን አለው። እንግዲህ ነጋዴው በየቀኑ ሴራሚክ አንጣፊው ላይ ሲጮህ ቢውል ምን ያተርፋል? በአንጻሩ የንግድ ፈቃዱ አንድ ቀን ሲዘገይ ሱቁ አንድ ቀን ይዘገያል። ብዙ ነጋዴ በዓይኑ የሚያየውን ሠራተኛ ይቆጣጠራል፤ ቀኑን የያዘው ግን በቢሮ መሳቢያ ያለ ወረቀት ይሆናል።

ብሩ ሲቆጠር

ኪራዩ በወር 90,000 ብር ቢሆን በቀን 3,000 ብር ነው። በ18 በመቶ ወለድ 2 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ከሆነ ወለዱ በዓመት 360,000፣ በቀን ወደ 1,000 ብር ይጠጋል። አንድ የዘገየ ቀን ያመለጠው ሽያጭ ሳይታሰብ 4,000 ብር ያስወጣል ማለት ነው።

የሴራሚክ ሥራውን ከ18 ወደ 12 ቀን ለማውረድ 20,000 ብር የትርፍ ሰዓት ቢከፈል መክፈቻው በአንድ ቀን እንኳ አይቀርብም። ገንዘቡ ጠፋ። በሌላ በኩል ፕሮፎርማ መሰብሰብና አቅራቢ መምረጥ ከኤልሲው 15 ቀን ውስጥ 7ቱን ይወስዳሉ ቢባል፣ እነዚህን ንግድ ፈቃዱ በሚጠበቅበት ጊዜ መጨረስ ይቻላል። ያኔ ሥራው ከ81 ወደ 74 ቀን ይወርዳል፤ ያውም ያለ ተጨማሪ ወጪ። መቼ መቸኮል እንዳለበት የማያውቅ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሆንበታል።

የማይታወቅ ቀን እንዴት ይገመታል?

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ቢሆን፣ ኤልሲ የሚወስደውን ጊዜ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ለዚህ ፐርት ሦስት ግምት ይጠይቃል። ሁሉ ከተሳካ 10 ቀን፣ በተለመደው 15 ቀን፣ ከከፋ 50 ቀን ቢባል፣ የተለመደው በአራት ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለስድስት ይካፈላል። 10፣ 60 እና 50 ሲደመር 120፤ ለስድስት ሲካፈል 20 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በሰሌዳው 20 ማስገባት 15 ከማስገባት ይሻላል። ተስፋ ግምት አይደለምና።

የፈረንጅ ካሌንደር ወጥመድ

እነዚህን ፕሮግራሞች ያለ ለውጥ የሚጠቀም ሰው ሳያውቀው ይሳሳታል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲከፈት የሚያቀርበው ሳምንት አምስት የሥራ ቀንና 40 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በግንባታ ቦታ ቅዳሜም ይሠራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 81 የሥራ ቀን በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ ወደ 94 የካሌንደር ቀን ይፈጃል፤ በአምስት ቀን ሲቆጠር ግን ወደ 113 ይደርሳል።

ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ዓድዋን፣ ስቅለትንና ፋሲካን አያውቅም። ኢድና አረፋ ደግሞ በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል። እነዚህን በካሌንደሩ ላይ አስቀድሞ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ለመሠረትና ለውጭ ሥራ የክረምቱ ዝናብ ይታሰብ። መርከብ ግን እሑድ አይቆምም፤ ጉዞው በካሌንደር ቀን መቆጠር አለበት። ለምሳሌያችን እንዲቀል ሁሉም በሥራ ቀን ተቆጠረ እንጂ ፕሮግራሞቹ ሁለቱን ለይተው ያሰላሉ።

ነጋዴው የእንቁጣጣሽን ገበያ ለመያዝ ነሐሴ 25 ሊከፍት ቢያስብ፣ 94 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር መጀመሪያው ከግንቦት 20 ገደማ አያልፍም። በመካከል የሚውል በዓል ካለ ከዚያም ይቀድማል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ንግድ ፈቃዱ ብቻ 10 የሥራ ቀን ቢዘገይ መክፈቻው ወደ 12 ቀን ይገፋና የበዓሉ ገበያ ያመልጣል።

ሦስት የአሠራር ሕጎች

አንደኛ፣ ቀን በእጅ አይጻፍ። ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ይጽፍና ሰሌዳው ሥዕል ብቻ ይሆናል። መጻፍ ያለበት የሥራው ርዝመትና ቀዳሚው ሥራ ነው፤ ቀኑን ፕሮግራሙ ያውጣ። ያኔ አንዱ ሲዘገይ የቀሩት በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። መጠበቅ ያለበት ጊዜም አይረሳ። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በተለምዶ በ28 ቀን ነው፤ ሠራተኛ ባይኖርም ቀኑ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ይቀመጥ። ሁሉም ሰው ከተስማማበት ሰሌዳ ጋር በየሳምንቱ ማነጻጸር ካልተቻለ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ክርክር ቢነሳም ማስረጃው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ «ስንት በመቶ አለቀ?» ተብሎ አይጠየቅ። «90 በመቶ» የሚለው መልስ ለሦስት ሳምንት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። የሚጠየቀው «ስንት ቀን ቀረው?» ነው።

ለአሠሪና ለደላላ

የፊዲክ የ1999 የግንባታ ውል ተቋራጩ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር የጊዜ ሰሌዳ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በአነስተኛ ውልም ይህን አንቀጽ መጨመር ይቻላል። አሠሪው ግን የታተመ ወረቀት ብቻ ተቀብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ የፕሮግራሙን ፋይል ይጠይቅ። ከፍቶ ሲያይ ሥራዎቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ወይም ወሳኙ መስመር ካልታየ፣ የተሰጠው ሰሌዳ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ተስፋ ነው። ሙያተኛ ማማከር ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃ ኢንስቲትዩት በዚያው በልደታ ይገኛል፤ በግንባታ ሥራ አመራር ያሠለጠናቸው ባለሙያዎችም በከተማው አሉ።

ያላለቀ ሕንፃ የሚያሻሽጥ ደላላም ለገዢው ቀን ከመናገሩ በፊት ሁለት ጥያቄ ቢያቀርብ ስሙን ያተርፋል። ሊፍቱ ታዝዟል ወይ? የመብራት ትራንስፎርመሩ ጥያቄ ገብቷል ወይ? ሁለቱም ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፤ ግድግዳው ተለስኖ መስታወቱ ቢያበራም ቀኑን ሊይዙ ይችላሉ። ገዢው ቁልፉን የሚረከበው የመጨረሻው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ የሚያምረው ሥራ ሲያልቅ አይደለም።