ጠይቆ ከእምነት ስለሚለይ ሰው

አንድ ክርስቲያን ከእምነቱ ተለየ ሲባል ስንሰማ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አንደክምም። ገንዘብ አታሎት ነው፤ ክፉ ባልንጀራ ገጥሞት ነው፤ የሥጋ ፈቃድ አሸንፎት ነው እንላለን። ከእነዚህ አንዱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አይካድም። ይሁን እንጂ ሌላም ዐይነት መለየት አለ። ሰውየው አስቦና መርምሮ፣ አልቅሶም ጭምር፣ ትናንት ያመነውን ዛሬ «እውነት ነው» ብሎ በአፉ ለመመስከር ሕሊናው ስላልፈቀደለት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ከፊተኞቹ ጋር ደባልቆ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም፤ በቤቱ ለምንቀረውም ምንም አያስተምረንም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ታሪክ በዝርዝር እንመለከታለን። እርሱም ፈረንሳዊው ሊቅ ኤርነስት ሬናን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬናን በ1823 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብረታኝ አውራጃ፣ ትሬግዬ በምትባል ጥንታዊት የካቴድራል ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከበኛ ነበር፤ ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ባሕር ቀረ፤ ለቤተሰቡም የተረፈው ዕዳ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጠው እኅቱ አንሪየት ዕዳውን ለመክፈል በመምህርነት ተቀጠረች፤ በኋላም እስከ ፖላንድ ድረስ ተሰድዳ የመኳንንት ልጆችን አስተማረች። እናቱ በበኩሏ ልጇን በመሠዊያ ፊት ቆሞ የምታይበትን ቀን ትናፍቅ ነበር። ያሳደጉት የከተማይቱ ካህናት ድኾችና ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ሬናን በ1883 ዓ.ም. ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ላይ እንኳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ከወጣ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በአክብሮት ያነሣቸዋል። ከክህነት ትምህርት የሸሸው የካህናት ክፉ ምሳሌ ስላየ ነው የሚል ቢኖር፣ ታሪኩ አይደግፈውም።

በ1838 ዓ.ም. በትምህርቱ እጅግ ስለላቀ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ወደ ፓሪስ ተወሰደ። በዚያም ኋላ የኦርሌዓን ጳጳስ በሆኑት በአባ ዱፓንሉ ሥር በሚተዳደረው የሳን ኒኮላ ዘርዐ ክህነት ገባ። ከዚያ በኢሲ ፍልስፍናን፣ በሳን ሱልፒስ ደግሞ ነገረ መለኮትን ተማረ። በኢሲ ሳለ የሆነውን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ከመምህራኑ አንዱ በክርክር ጊዜ ሲናገር ሰምተው፣ በዚያው ቀን ለብቻው ጠርተው፣ ክርስቲያን አለመሆኑን ፊት ለፊት ነገሩት። ወጣቱ ሌሊቱን በጭንቀት አሳልፎ ወደ ቤቱ አለቃ ሄደ። አለቃውም የዋህ ሰው ነበሩና፣ ጥያቄውን ከማዳመጥ ይልቅ ጭንቀቱን አረጋግተው፣ ይህ የወጣትነት ፈተና ነው፣ አትጨነቅበት ብለው መለሱት። ሬናን ኋላ ሲያስታውሰው፣ እውነቱን ያየው የመጀመሪያው መምህር እንደ ነበረ ይመሰክራል። አንዱ መምህር ጥያቄውን አይተው ሰውየውን አስደነገጡት፤ ሌላው ሰውየውን አይተው ጥያቄውን አለፉት። ሁለቱንም ባንድነት ያየ አልተገኘም።

በሳን ሱልፒስ ያገኘው መምህር ግን ሌላ ዐይነት ነበሩ። አባ ሌሂር የብረታኝ ተወላጅ፣ የዕብራይስጥና የሱርስት ቋንቋ ሊቅ፣ በቅድስናቸውም የተመሰገኑ ካህን ናቸው። የጀርመን ሊቃውንት በብሉይ ኪዳን ላይ የጻፉትን ያውቁ ነበር። ሬናን የሴማውያንን ቋንቋዎች የወደደው በእርሳቸው እግር ሥር ነው። (በ1855 ዓ.ም. ባሳተመው የሴማውያን ቋንቋዎች ታሪክ ውስጥ ግዕዛችንም ቦታ እንዳገኘ አንባቢ ቢያውቅ አይከፋም።) ቋንቋውን በተማረ መጠን ግን መጽሐፉን በሌላ ዐይን ማንበብ ጀመረ።

ያገኛቸውን ችግሮች በጥቂቱ እንይ፤ ዛሬም ወጣቶቻችን የሚያነሷቸው ናቸውና። አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት ሙሴ ጻፋቸው ከተባለ፣ በኦሪት ዘዳግም መጨረሻ የሙሴን ሞትና መቀበር የተረከው ማን ነው? አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዐይነት አነጋገር የሚተረከውስ ለምንድን ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን፣ ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ያለው ክፍል በባቢሎን ምርኮ ላሉ ሰዎች የሚናገር፣ የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን በስሙ የሚጠራ፣ አነጋገሩም የተለየ ነው። ትንቢተ ዳንኤል በባቢሎን ዘመን የተጻፈ ተብሎ ሲነገር ኖሮ፣ በዝርዝር የሚያውቀው ግን ከዚያ አራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የነበረውን የአንጥያኮስን ስደት ነው። መጽሐፈ ዮዲትም ናቡከደነፆርን በነነዌ የነገሠ የአሦር ንጉሥ ያደርገዋል፤ ናቡከደነፆር ግን የባቢሎን ንጉሥ ነበር፤ ነነዌም እርሱ ከመንገሡ አስቀድሞ በ612 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፈርሳለች።

እነዚህ ጥያቄዎች ብቻቸውን የሰውን እምነት የሚያፈርሱ አይደሉም። ያፈረሳቸው ሌላ ነገር ተጨምሮባቸው ነው፤ የትምህርቱም ዋና ነጥብ ይህ ነው። ሬናን በዘመኑ እንደ ተማረው፣ የቅዱሳት መጻሕፍት እውነትነት በእያንዳንዱ የታሪክ ዝርዝር ላይ የቆመ ነበር። ኦሪትን ሙሴ ካልጻፈው፣ ትንቢተ ዳንኤልም በምርኮ ዘመን ካልተጻፈ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል፤ መጽሐፉ ከተሳሳተ፣ የምታስተምረን ቤተ ክርስቲያን ተሳስታለች፤ እርስዋ ከተሳሳተች ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። አንድ ድንጋይ ቢነቀል ሕንጻው በሙሉ እንዲናድ አድርገው የሠሩት የእምነት ጠላቶች ሳይሆኑ ተከላካዮቹ ነበሩ። ሬናን እምነቱን ያጣው በፍልስፍና ክርክር ሳይሆን በታሪክና በቋንቋ ጥናት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ስለ አባ ሌሂርም ሲጽፍ፣ በመምህሩ ልብ ዕውቀትና እምነት በማይተላለፉበት ግድግዳ ተለይተው ይኖሩ ነበር ይላል። ይህ ለመምህሩ በቂ ነበር፤ ለተማሪው ግን አልሆነም።

ዝቅተኛ የሚባሉትን የክህነት መዓርጋት ተቀብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ በላቲን ሥርዐት መመለስ የማይቻልበት ቃል ኪዳን የሚገባው በንፍቀ ዲያቆንነት ነው፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ። እኅቱ አንሪየት፣ በራስዋ ንባብ አስቀድማ በጥርጣሬ የገባች፣ ከፖላንድ በምትልካቸው ደብዳቤዎች ሕሊናው ያልተቀበለውን ቃል እንዳይገባ ትመክረው ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 1845 ዓ.ም. ሬናን የሳን ሱልፒስን ደረጃ ወርዶ በአቅራቢያው ካለ አንድ መጠነኛ ማደሪያ ገባ፤ ልብሰ ተክህኖውንም አወለቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንጀራም፣ ማዕርግም፣ ዘመድም በከተማይቱ አልነበረውም። አንሪየት ከደመወዟ ያጠራቀመችውን 1,200 ፍራንክ ላከችለት። አባ ዱፓንሉም የቀድሞ ተማሪያቸው መውጣቱን በሰሙ ጊዜ፣ ገንዘብ ቢያስፈልገው ያላቸውን ጥቂት ሊያካፍሉት እንደሚፈቅዱ ጻፉለት። ይህ ዱፓንሉ ኋላ ለቤተ ክርስቲያን በመሟገት በፈረንሳይ ስማቸው የገነነ ጳጳስ ናቸው፤ የሚወጣውን ልጅ ግን ያለ ስንቅ አልሸኙትም። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ለእናቱ መንገር ነበር፤ ለብዙ ጊዜ በዙሪያ ጥምጥም እየተናገረ ነው ያስረዳት። ሥጋዊ ጥቅም የሚፈልግ ሰው ይህን መንገድ አይመርጥም።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም እናስታውስ። ሬናን ከሳን ሱልፒስ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 9 ቀን 1845 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በሊትልሞር መንደር ጆን ሄንሪ ኒውማን ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ። እርሱም እንደ ሬናን ታሪክን እየመረመረ ነበር የሄደው፤ እርሱም የሚወደውን ዩኒቨርሲቲና ብዙ ወዳጆቹን አጥቷል። በ2019 ዓ.ም. ከቅዱሳን ተቈጥሯል። ምርመራ ሰውን ሁሉ ከደጅ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ኒውማን ባልገባ ነበር፤ ሁሉን የሚያስገባ ቢሆን ደግሞ ሬናን ባልወጣ ነበር። ኒውማን ከጻፋቸው ነገሮች ለእኛ የሚጠቅመን፣ አስቸጋሪ ጥያቄና ጥርጣሬ አንድ አለመሆናቸውን ማስረዳቱ ነው። ተማሪ የሒሳቡን መልስ አለማግኘቱ መልስ የለም ብሎ መደምደሙ አይደለም።

ሬናንን ስናከብር ግን ያለ ፍርድ አናልፈውም። በ1860 እና በ1861 ዓ.ም. የፊንቄን ጥንታዊ ቅርስ ለማጥናት ወደ ሊባኖስ ተልኮ፣ አብራው የሄደችው አንሪየት በዚያ በንዳድ ሞተችበት። በ1862 ዓ.ም. በኮሌዥ ደ ፍራንስ የዕብራይስጥ መምህር ሆኖ በመጀመሪያው ንግግሩ ኢየሱስን አቻ የሌለው ሰው ብሎ ስለ ጠራው ትምህርቱ ታገደ። በሚቀጥለው ዓመት የኢየሱስን ሕይወት የሚተርከውን መጽሐፉን አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ተአምራትን የሚጥለው ምስክሩን አንድ በአንድ መርምሮ አይደለም፤ ተአምር አይሆንም ከሚል አስቀድሞ ከያዘው ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ወንጌሉ ዝም ባለበት ቦታ በገዛ ምናቡ ይሞላል። በዘርዐ ክህነት ሳለ በመምህራኑ ላይ የተቸው፣ መደምደሚያን ይዞ ማስረጃ መፈለግ፣ እዚህ የራሱ ሆነ። በኋለኛው ዘመን ቢወለድ ኖሮ በእምነቱ ይጸና ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ እርግጠኛ ሆኖ እንዲህ ማለት የሚቻል አይመስለኝም። የቋንቋው ጥያቄ ቢመለስለት እንኳ ይህኛው ይቀር ነበርና።

ጥያቄዎቹስ ከእርሱ ጋር ወጥተው ሄዱን? አልሄዱም። በኮሌዥ ደ ፍራንስ ከሬናን ፊት ተቀምጠው ከተማሩት አንዱ ካህኑ አልፍሬድ ሎአዚ ነው፤ በ1908 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ተወገዘ። ዶሚኒካዊው አባ ላግራንዥ ደግሞ በ1890 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ተጠረጠሩ፣ በ1912 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ ከማስተማር ታገዱ፣ ነገር ግን በትሕትና ቆይተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የሬናንንም መጽሐፍ በ1923 ዓ.ም. በዕውቀት ተቹት። የኦሪትን ደራሲ በሚመለከት በ1906 ዓ.ም. የወጣው የጳጳሳዊ ኮሚሽን ውሳኔ የጥንቱን አቋም ያጸና ነበር። በ1943 ዓ.ም. ግን ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ጸሐፊዎች በዘመናቸው የአጻጻፍ ዐይነቶች እንደ ተጠቀሙና ይህንንም ማጥናት የሊቃውንት ግዴታ እንደ ሆነ አስተማሩ። በ1965 ዓ.ም. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ መጻሕፍቱ ያለ ስሕተት የሚያስተምሩት እግዚአብሔር ለመዳናችን እንዲጻፍ የፈቀደውን እውነት መሆኑን ገለጸ። እንግዲህ መጽሐፈ ዮዲት የነገሥታት ታሪክ ዜና መዋዕል ሳይሆን በትረካ መልክ የቀረበ ትምህርት መሆኑን ዛሬ አንድ የዘርዐ ክህነት ተማሪ ያለ ፍርሃት ይማራል። ሬናን ከወጣበት ቀን እስከ ፒዮስ 12ኛ መልእክት 98 ዓመት ነው። በዚህ መካከል መልስ ያጡ ስንቶች እንደ ሆኑ የሚቈጥር የለም።

ይኸው ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም በደነገገው ሰነድ፣ ለክህደት መነሣት አማኞች ራሳቸው ቀላል ያልሆነ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ይናገራል፤ ምክንያቶቹም እምነትን በጉድለት ማስተማርና ከእምነቱ ጋር የማይስማማ ኑሮ ናቸው። በዚያው ቀን የወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሰነድ ደግሞ ማንም ከሕሊናው ውጭ እንዲሠራ መገደድ እንደሌለበት ይደነግጋል። ልጁ «አላምንም» ያለበት ወላጅ በቍጣ ወደ ቅዳሴ ቢጐትተው የሚያገኘው የልጁን እግር ብቻ ነው። ዝም አሰኝቶ ማሳደርም አይረዳም፤ አፉ ዝም ያለ ጥያቄ በልብ ይፋፋማል። የማናውቀውን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ብንል ክብራችን አይቀንስም። የሐሰት መልስ ሰጥተን ልጁ ከዓመታት በኋላ ሐሰትነቱን ሲደርስበት ግን፣ እውነተኛውንም መልስ አብሮ ይጥለዋል።

ሬናን በ1892 ዓ.ም. ሞተ። ሕይወቱ እስከ መጨረሻ ባጣው እምነት ሲመራ እንደ ኖረ የጻፈ ሰው ነው። የልጅ ልጁ ኤርነስት ፕሲካሪ በ1913 ዓ.ም. ካቶሊካዊ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት በጦርነት ወደቀ፤ ይህን እንደ ድል የሚተርኩ አሉ፤ ነገር ግን የልጅ ልጅ እምነት ለአያት ጥያቄ መልስ አይሆንም። በ1903 ዓ.ም. በትሬግዬ በካቴድራሉ ፊት ለሬናን ሐውልት ሲመረቅ ከተማይቱ በወታደር ተጠበቀች፤ በዓመቱም ካቶሊካውያኑ በተቃውሞ የስቅለት ሐውልት አቆሙ። ሐውልት በሐውልት ሲመለስ፣ የኢሳይያስና የዳንኤል ጥያቄ እንዳለ ነበር።

ይህን ትምህርት በቁምስና የወጣቶች ማኅበር ለምታጠኑ፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ፍጻሜ እንድትጀምሩ እንመክራለን። በዚያ ብዙዎች ንግግሩ ከብዷቸው ጌታን ትተው ሄዱ። ጌታ ለሚሄዱት ቃሉን አላቀለለም፤ በኃይልም አላስቀራቸውም፤ የቀሩትንም እነርሱም መሄድ ይፈልጉ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ለማንም ያልነገረውን አንድ ጥያቄ ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት አስፍሮ ያምጣ። ቆሞሱም ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ በቀጣዩ ስብሰባ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ መርጠው፣ በቂ ጊዜ ሰጥተው ይወያዩበት።