ክርስቲያን ሊጫወት ይገባዋልን?

ስለ ዕረፍት ጊዜና ስለ ጨዋታ የተጻፈ አጭር ትምህርት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ያሉ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በወንጌል ያመነ ሰው መዝፈን፥ መጫወት፥ ከባልንጀሮቹም ጋር መሳቅ ይገባዋልን?» የሚል ነው። ለዚህም ጥያቄ ሁለት ዓይነት ሰዎች ፈጥነው ይመልሳሉ። አንዱ «ጨዋታ ሁሉ የዓለም ነው፤ ለክርስቲያን ከሥራና ከጸሎት በቀር ሌላ ነገር የለውም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሥራዬን ከፈጸምሁ በኋላ የቀረው ጊዜ የገዛ ራሴ ነው፤ ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም» ይላል። የፊተኛው እግዚአብሔር ያልከለከለውን ይከለክላል፤ የኋለኛውም እግዚአብሔር የሚጠይቀውን ሒሳብ ይረሳል። እኛ ግን በትዕግሥት ሆነን ነገሩን ከቅዱስ መጽሐፍና ከአገራችን ኑሮ እንመርምረው።

1ኛ፤ ጨዋታ በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር፥ አደባባይዋ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞላ ተንብዮአል (8፥5)። ነቢዩ የሰላምን ምልክት ሊሰጥ በፈለገ ጊዜ የጦርን ድል ወይም የወርቅን ብዛት አልጠቀሰም፤ የልጆችን ጨዋታ መረጠ እንጂ። የሙሴ እኅት ማርያምም እስራኤል ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን መርታለች (ዘጸአት 15)። ጌታችን ራሱ በቃና ሰርግ ታድሞአል (ዮሐንስ 2)።

ብዙ ወንድሞች ግን ገላትያ 5፥21ን ያነሣሉ። በዚያ የሥጋ ሥራዎች ሲቈጠሩ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል ይገኛልና። እነሆ፥ ሐዋርያው በጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ቃሉ «ኮሞስ» ነው፤ ትርጓሜውም በስካር የሚደረግ የሌሊት ጭፈራና ልቅነት ማለት ነው። በቁጥሩም ውስጥ ከስካር አጠገብ መቀመጡ ይህንኑ ያስረዳል። ዳግመኛም የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ከአባቱ ቤት የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ይሰማ እንደ ነበረ በሉቃስ 15 ተጽፎአል። ጌታችን የአባቱን ቤት በዘፈን መስሎ ካስተማረ፥ እኛ ድምፅን ሁሉ እንዴት ርኵስ እንላለን?

ነገር ግን ያው መጽሐፍ በወርቁ ጥጃ ፊት የተደረገውን ዘፈን (ዘጸአት 32)፥ በሄሮድስም የልደት ቀን የሄሮድያዳ ልጅ ያደረገችውን (ማርቆስ 6) በኀዘን ይነግረናል። እንግዲህ ልዩነቱ ወዴት አለ? በሉቃስ 15 ባለው ግብዣ ወጪውን ሁሉ አባትየው በደስታ ከራሱ ሰጠ፤ በሄሮድስ ግብዣ ግን የጨዋታውን ዋጋ በወኅኒ የታሰረው ዮሐንስ በአንገቱ ከፈለ። ስለዚህ ክርስቲያን ከማናቸውም ጨዋታ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ነው፤ «የዚህን ደስታ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?»

2ኛ፤ ስለ ሻደይ።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ተጹሞ ሲፈታ፥ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፥ ከበሮ ይዘው፥ ተኳኩለውና አምረው ይወጣሉ። ይህም በዓል በትግራይ አሸንዳ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በቆቦ ሶለል ይባላል። በወንጌል ያመነ አባት በእነዚህ ቀናት ይጨነቃል። ልጁን ቢከለክላት ከእኩዮችዋ ተለይታ በመስኮት እያየች ታለቅሳለች፤ ቢፈቅድላት ደግሞ ኅሊናው ይወቅሰዋል።

አባት ሆይ፥ ነገሩን ለይተህ ተመልከት። ሣሩን ያበቀለው እግዚአብሔር ነው፤ ከበሮውም የማርያም የሙሴ እኅት ከበሮ ዓይነት ነው፤ ክረምቱን በሥራ የደከመች ልጅ ከእኅቶችዋ ጋር ብትደሰት ነውር የለበትም። ስለ በዓሉ ሃይማኖታዊ መነሻ በእኛና በኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን መካከል የእምነት ልዩነት አለ። በዚህ ረገድ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 14 እንዳስተማረ እያንዳንዱ በገዛ ልቡ ይረዳ፤ ኅሊናውም የሚከለክለውን አያድርግ፤ የሚያደርገውንም ወንድሙን አይናቅ። ልጅህ በጸሎትዋ ማንን እንደምትጠራ አስቀድመህ በቤትህ አስተምራት። ካላስተማርሃት ግን በአንድ ቀን ክልከላ የዓመቱን ስንፍናህን ልትሸፍን አትሞክር። ብትከለክላትም በምትኩ ሌላ ደስታ አዘጋጅላት፤ ደስታን ወስዶ ባዶ እጅ መስጠት የወንጌል ሥራ አይደለምና።

ከሁሉም በላይ የበዓሉን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ጠብቅ። ጎረምሳ ልጃገረዲቱን በመንገድ ቢያስጨንቃት፥ ወይም ሽማግሌ «ደርሳለች» ብሎ ለትዳር ቢያጫት፥ የጨዋታው ዋጋ በእርስዋ ላይ ወደቀ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኖአል፤ ጠለፋም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አማኝ የሆነ ወንድም ከሻደይ አደባባይ አጠገብ የሚቆመው እኅቱን ለመጠበቅ እንጂ ለመመኘት አይሁን።

3ኛ፤ ስለ ገናና ስለ እንቆቅልሽ።

አባቶቻችን የተዉልንን ጨዋታ ብንመረምር ብዙ ጥበብ እናገኛለን። በገና ቀን በቆልማማ ዱላ ጥንግ ሲመታ፥ ጌታውም ሎሌውም በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢያደናቅፈው ጌታው በዚያ ቀን እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነው። ክርስቶስ በተወለደበት ቀን ታላቅና ታናሽ እኩል መሆናቸው እንዴት ያለ መልካም ትምህርት ነው! ነገር ግን ከጨዋታው በኋላ ሎሌውን የሚንቅ ጌታ ትምህርቱን አልሰማም።

በማታም በእሳት ዳር ልጆች «እንቆቅልሽ» ሲባባሉ፥ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ዋግን ይሰጣል፤ ነገር ግን አንዲት ጋት መሬት እንኳ ከባለቤትዋ አትወሰድም። ተሸናፊው ይስቃል፤ አሸናፊውም «አገሬን ይዤ ምን አየሁበት» እያለ ያሾፍበታል፤ ሁለቱም ብልህ ሆነው ይተኛሉ። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ ጠጠሮቹ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ይዞራሉ፤ ሲያልቅም ሁሉም ለሚቀጥለው ጨዋታ ይመለሳሉ። የንጹሕ ጨዋታ ምልክቱ ይህ ነው፤ የተሸነፈው ከሽንፈቱ በቀር የሚያጣው ነገር የለም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ እንቆቅልሹንና ተረቱን በአማርኛም በኽምጣናም ለልጆቻችሁ አትንፈጉ። ማታ ማታ እያንዳንዱ በእጅ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ቢቀመጥ፥ ቤተ ሰቡ በአንድ ጣራ ሥር ሳለ የተበተነ ይሆናል፤ የዚህንም ዋጋ የሚከፍለው የአያቱን ቋንቋ ሳይሰማ የሚያድገው ሕፃን ነው።

4ኛ፤ ስለ ውርርድ።

በዘመናችን በከተሞቻችን ቤቲንግ የሚባለው የእግር ኳስ ውርርድ ተስፋፍቶአል። ኳስ መጫወትም ሆነ ማየት መልካም ነው፤ በውርርድ ግን የተሸነፈው አገር በመስጠት አይለቀቅም፤ ዳቦውን ይሰጣል እንጂ።

ተማሪ ሆይ፥ ሒሳቡን ከእኔ ጋር ሥራ። ዕድሉ እኩል በሆነ ነገር፥ እንደ ሳንቲም መገልበጥ ባለ፥ 10 ብር ብታስይዝ ትክክለኛው ክፍያ 20 ብር ነበር። አወራራጁ ግን 18 ብር ይከፍላል እንበል። 100 ጊዜ ብትጫወት 1,000 ብር ታወጣለህ፤ 50 ጊዜ ብታሸንፍ 900 ብር ትቀበላለህ፤ 100 ብር በእርሱ ዘንድ ቀረ። አምስት እንዲህ ያሉ ግምቶችን በአንድ ቲኬት ብታያይዝ ደግሞ ሁሉም የሚሠምሩልህ ከ32 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በትክክል ቢሆን ለ10 ብርህ 320 ብር ይገባህ ነበር፤ በዚያው ስሌት የምታገኘው ግን 189 ብር ያህል ነው። ተስፋው በበዛ መጠን የሚቀነስብህ ይበዛል። ቤቱ በዕድል አይኖርም፤ በሒሳብ ይኖራል። አንተም ብታሸንፍ፥ ያ ገንዘብ ከሌላ እናት ልጅ ኪስ የወጣ ነው፤ እርሱም እንዳንተ ለቤቱ ሊገዛበት የነበረ ነው።

ይህ ነገር በዋግ ምድር ይልቁን ይከብዳል። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በዚህ አገር ያደረገውን ሽማግሌዎች አይረሱትም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ሲገባ፥ ቃሉን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በከተማችን ስም ጠርቶታል። የከተማችን ስም በሕፃናት ምግብ ቃል ኪዳን ላይ ተጽፎ ሳለ፥ አባት የእንቁላሉንና የወተቱን ገንዘብ ለውርርድ ወይም ለጠጅ ቢያወርደው፥ ቃል ኪዳኑን በገዛ ቤቱ አፈረሰ። የጨዋታውን ዋጋ ገና መናገር የማይችል ልጅ ከፈለው።

5ኛ፤ ስለ ኀዘን ጊዜ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ከዋግ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ልቅሶ ያልገባበትን ሰፈር ማግኘትም አስቸጋሪ ሆነ። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ «መሳቅ ይገባልን?» የሚል ሰው አለ። ሐዋርያው በሮሜ 12፥15 ሁለቱንም በአንድ ቃል አዝዞናል፤ ከሚደሰቱ ጋር መደሰትን፥ ከሚያለቅሱም ጋር ማልቀስን። የጎረቤትህ ቤት ልቅሶ ካለበት ከበሮህን አስቀምጥና ሄደህ አብረህ ተቀመጥ። የኀዘኑ ወራት ሲፈጸም ግን ልጆቹን ወደ ጨዋታ ጥራቸው፤ አባቱን ያጣ ልጅ መሳቅን ከረሳ ሁለተኛ ተዘርፎአልና።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከጨዋታ በፊት ራስህን እንዲህ ብለህ መርምር፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁን ወይስ ሌላ ሰው? እናቴ ወይም ልጄ ብታየኝ አላፍርምን? ጨዋታው ሲያልቅ ለጸሎትና ለሥራ በቀለለ ልብ እነሣለሁን? ሦስቱን በመልካም የመለሰ ሰው በሰላም ይጫወት፤ እግዚአብሔርንም ያመስግን። አንዱ እንኳ ከከለከለው ግን ማንም ሳያስገድደው ይተወው። የጠፋውን ልጅ በዘፈን የተቀበለው አባት የእኛም አባት ነው፤ ልጆቹ በሌላው ዕንባ ሳይሆን በእርሱ ቸርነት ደስ እንዲላቸው ይወድዳል።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከእናንተ ጋር ይሁን። አሜን።