የእጅ ሴንሰርና የፕሮግራመር ስሜት



ጥር 23 ቀን በቆሰበር የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንደምናየው፣ ግልቢያውን ጨርሶ የቆመ ፈረስ ላቡ ይወርዳል፤ ልቡም ይመታል። ከድካም ይሁን ከድንጋጤ ግን ላቡ ራሱ አይናገርም፤ የሚለየው ጠባዩን የለመደው ጋላቢው ነው። ዛሬ የምናጠናው ጉዳይም ከዚህ እጅግ አይርቅም፤ ይኸውም ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎችን ስሜት በሴንሰር ስለ መለካት ነው።

ሰው ስሜቱ ሲነሣሣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል የላብ ዕጢዎችን ያሠራል፤ ቆዳም ጥቂት ስለሚርስ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ይጨምራል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሴንሰር ይህንንና የልብ ምትን ይመዘግባል። በጣልያን አገር የባሪ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ 23 ሰዎች ፕሮግራም ሲጽፉ ይህን መሣሪያና የአንጎል ሞገድ የሚለካ ሌላ መሣሪያ አድርገው ነበር፤ በየመሐሉም ስሜታቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ተጠየቁ። ደስታን ከቅሬታ ለመለየት የእጁ ሴንሰር ብቻውን ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ልብ ልንል ይገባናል።

አንደኛ፤ ሴንሰሩ መነሣሣቱን እንጂ ምክንያቱን አያይም። ስሕተቱን አግኝቶ የፈነጠዘና ፕሮግራሙ እምቢ ብሎት የተናደደ ሰው ልባቸው እኩል ሊመታ ይችላል።

ሁለተኛ፤ የቆሰበር ብርድ የእጅ ቆዳን ያደርቃል፤ ዳገት የወጣ ሰውም ያልበዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው የዕረፍት ጊዜ ልክ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛውና ዋናው፤ መዝገቡ በማን እጅ ይቀመጣል? ለሠሪው ከሆነ፣ «ተሰናክለሃል፤ ተነሥና ጓደኛህን ጠይቅ» የሚል መካሪ ይሆነዋል። ለአለቃው ከሆነ ግን የልብ ምቱ የደመወዝ መመዘኛ ሊሆንበት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር በሥራና በትምህርት ቤት ስሜትን በማሽን መለየትን ከልክሏል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ይህን መሣሪያ የምንሠራውም፣ በእጃችን የሚታሰርብንም እኛው ነን። እንግዲህ በቤተ ሙከራችን እንዲህ ያለ ነገር ስንጀምር፣ በመጀመሪያ ባለ ልቡን እናስፈቅድ፤ ከዚያም መዝገቡን ለእርሱ እንስጥ፤ ትርጉሙንም ከእርሱ እንስማ።