ከ15 እስከ 18፦ ሥራ የጀመረ የቲም መብቱ ምንድን ነው?

 

የዛሬውን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ልጅ ነው። አባቱ የሞተበት፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት ጥቂት ያለፈ ተማሪያችን ለወራት ያህል ቂርኣት ላይ ያንቀላፋ ነበር። ስንፍና መስሎን ገሥጸነዋል፤ አላህ ይቅር ይበለን። ኋላ ስንጠይቅ ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ዳቦ ቤት ገብቶ ሊጥ ሲያቦካና ከምድጃ ዳቦ ሲያወጣ እስከ ፈጅር እንደሚያድር ተረዳን። ደመወዙን በየወሩ የሚቀበሉት አጎቱ ስለሆኑ ልጁ ስንት እንደሚከፈለው እንኳ አያውቅም። አንድ በጎ አድራጊ ለቤተሰቡ ይሰጡት የነበረው ድጋፍም «ልጁ ደርሷል» ተብሎ ተቋርጧል።

ይህ «ደርሷል» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በፊቅህ አንድ ልጅ አቅመ አዳም ሲደርስ የየቲምነት ስም እንደሚለቀው የታወቀ ነው። ምልክቱ ያልታየበት ልጅ በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀቦች 15 ዓመት ሲሞላው እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ዓመት ብለዋል። ይሁን እንጂ ዑለማዎች መድረስን (ቡሉግን) እና ገንዘብን በአግባቡ የማስተዳደር ብስለትን (ሩሽድን) ለይተው ያስተምራሉ። በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ወሊዮች የቲሞችን እንዲፈትኗቸውና ብስለታቸውን ሲያዩ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው የታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰላትና ጾም ግዴታ የሆነበት ልጅ ሁሉ ትከሻው የአዋቂን ሸክም ይችላል ማለት አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር እናስታውስ። የፊቅሁ 15 ዓመት የሚቆጠረው በሒጅራ ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ገደማ ስለሚያንስ በሒጅራ 15 የሞላው ልጅ በፀሐይ አቆጣጠር ገና 14 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። ይህ ልጅ በአገራችን ሕግ መቀጠር አይችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ዝቅተኛው ዕድሜ 14 ነበር፤ ዛሬም ያንኑ የሚጠቅሱልን አሠሪዎች ያጋጥሙናል። ዕድሜው 15 የሞላው፣ 18 ያልሞላው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ ሊሠራም ይችላል፤ ነገር ግን ሕጉ በዙሪያው አጥር አጥሮለታል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት መሥራት አይፈቀድለትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ማሠራት ክልክል ነው። ተማሪያችን ዳቦ ቤት የሚያድረው በትክክል በዚሁ ሰዓት ነበር። አጎቱ መፍቀዳቸው፣ ልጁም ራሱ መፈለጉ ክልከላውን አያነሣውም።

ሕይወቱንና ጤናውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ማሰማራትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ በማጓጓዣና በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መስመር ሥራ፣ የማዕድንና የድንጋይ ካባ ቁፋሮ፣ የፍሳሽ ቦይ ሥራ በአዋጁ በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ከአዋጁም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን ትምህርታቸውን ወይም ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል፤ መንግሥት ለየቲሞች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግም በዚያው አንቀጽ ተደንግጓል።

ደመወዙስ የማን ነው? አዋጁ ለሠራተኛው በቀጥታ ወይም እርሱ ለወከለው ሰው ይከፈል ይላል። በሸሪዓም ቢሆን ልጁ በላቡ ያገኘው የራሱ ሀብት ነው። ድኻ የሆነ ወሊይ የየቲሙን ገንዘብ ስለሚያስተዳድርበት ድካም በአግባቡ መውሰድ ተፈቅዶለታል፤ ሀብታም የሆነው ግን ይቆጠብ ተብሏል። ለልጁ ሳይነግሩ ወር በወር ተቀብሎ ማውጣት ከሁለቱም ውስጥ አይገባም።

በሱቅም በፋብሪካም ሠራተኛ ላላቸው ወንድሞችና እኅቶች የምንለው አለን። አንዳንዶች «ለአላህ ብዬ ነው ያስጠጋሁት» በማለት የቲሙን በምግብና በልብስ ብቻ ያሠሩታል፤ የረመዷን ዘካቸውንም እንደ ደመወዝ ይቆጥሩበታል። ዘካ የሠራተኛ ዕዳ መክፈያ አይሆንም፤ ደመወዙ ለብቻ፣ ዘካው ለብቻ ነው። «ሙያ ይልመድ» የሚባለውም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ እንዲገለጽበት ሕጉ ይጠይቃል። ልጁ ሥራ ላይ ቢጎዳ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

ከሁሉ የሚከብደን የሴት ልጆቻችን ነገር ነው። ከገጠር ዘመድ ቤት «እናሳድጋታለን» ተብላ የመጣች የቲም ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ እንጀራ ትጋግራለች፤ ደመወዝ ሲጠየቅ «ልጃችን ናት እኮ» ይባላል። አዋጁ በግለሰብ ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታልና የሥራ ተቆጣጣሪ በርዋን አያንኳኳም። ልጅ ከሆነች የልጅ መብቷን፣ ሠራተኛ ከሆነች የሠራተኛ መብቷን ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ጨምሮ ወደ ዓረብ አገር ለመላክ የሚጣደፍም አልታጣም፤ ለውጭ አገር ሥራ የተፈቀደው ዕድሜ 18 መሆኑ እየታወቀ በሐሰት ወረቀት የሄደች ልጅ በሰው አገር ለአቅመ ቢስነቷ መከላከያ የሚሆን ማስረጃ እንኳ አይኖራትም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ ወሊዩንና አሠሪውን በመልካም ንግግር ማስረዳት፣ እምቢ ካሉ በየአካባቢው ባለው የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማመልከት ይቻላል። እኛም በፊተኛው መንገድ ጀመርን። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሕጉን እንደማያውቁ በግልጽ ነግረውን፣ ልጁን ከትምህርት መልስ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ዳቦ እንዲሸጥ አዛወሩት፤ የሌሊቱን ሥራ ለአዋቂ ሰጡት። አጎቱ ለጊዜው ቅር ቢላቸውም ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደመወዙ በልጁ እጅ እንዲገባ ተስማሙ። ደመወዙ ሰዓቱ ሲያንስ አብሮ አንሷል፤ ልጁ ግን አሁን ቂርኣት ላይ አያንቀላፋም። «ደርሷል» ተብሎ የተቋረጠው ድጋፍ ግን ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልተመለሰለትም፤ 18 ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል።